ጨረታ በሌለበት የመሣሪያ ግዢ ዋጋው ተገቢ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በውስጥ ኦዲት ነው የምሠራው። ማታ ማታ ማስተርሴን እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በወታደራዊ ዕቃዎች ግዢ ላይ ልሠራ አስቤአለሁ። ይህን ባወራሁበት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ ‹ያለ ጨረታ የተገዛ ነገር ሁሉ የተበላ ነው› አለ። ሌላው ‹የመከላከያ ጉዳይ ነው፣ አይጠየቅም› አለ። እኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ለመሆኑ ተወዳዳሪ ከሌለ ዋጋው ተገቢ መሆኑ በምን ይታወቃል? ተቆጣጣሪስ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?»

እንኳን አልተዋጡልሽ። ባልደረቦችሽ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል። ጨረታ ከሌለ ዋጋውን ማወቅ አይቻልም ብለው ያስባሉ። አንዱ ከዚያ ተነሥቶ ሌብነት ነው ይላል፣ ሌላው ዝም እንበል ይላል። ነገር ግን ማወቅ ይቻላል። ሥራ አለው እንጂ። ብዙ መሥሪያ ቤት ጨረታውን ይተዋል፣ በጨረታው ፈንታ መሠራት ያለበትን ሥራ ግን አይሠራም። የኔ መልስ በአጭሩ ይኸው ነው። የቀረው ማስረጃ ነው።

መጀመሪያ «የተበላ ነው» የሚለውን እንየው። ወታደራዊ ዕቃ እንደ ቶነርና ወረቀት ሦስት ፕሮፎርማ የሚሰበሰብበት አይደለም። የተዋጊ አውሮፕላን ሞተር የገዛ አገር መለዋወጫውን የሚያገኘው ከሠራው ኩባንያ ነው፣ ካልሆነም ኩባንያው ፈቃድ ከሰጠው። የራዳሩ ሶፍትዌር ሲበላሽ ኮዱ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ገበያው ሰፊ ነው በሚባልባት አሜሪካ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ 51 የነበሩት የአየርና የመከላከያ ዋና ተቋራጮች ዛሬ 5 ብቻ ቀርተዋል። ይህን ያለው ራሱ የአገሪቱ የመከላከያ መሥሪያ ቤት ነው፣ በ2022 ባወጣው ሪፖርት (ስለ ውጭ አገር ስጽፍ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እንዲህ ባለ ገበያ ግልጽ ጨረታ ብታወጪም ሳጥኑ ውስጥ የምታገኚው አንድ ፖስታ ነው። ጨረታ ወጣ ማለትና ውድድር ነበረ ማለት ደግሞ አንድ አይደለም።

ስለዚህ ቀጥታ ግዢ በራሱ ወንጀል አይደለም። እኛም ጋ በሕግ የታወቀ ዘዴ ነው። አሜሪካኖቹ በ1984 ባወጡት ሕግ ውድድርን መዝለል የሚቻልባቸውን ሰባት ምክንያቶች ዘርዝረዋል። ግን ኃላፊው ከሰባቱ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። የገንዘቡ መጠን ሲጨምር የሚያጸድቀውም ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ስም ያለበትና ቀን ያለበት ወረቀት መኖሩ ብዙ ነገር ይለውጣል።

«አይጠየቅም» ለሚለው ባልደረባሽ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን አሳዪው። አንቀጽ 101 ዋና ኦዲተሩ የፌዴራል ሚኒስቴሮችንና መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል። «ከመከላከያ በስተቀር» የሚል ቃል የለበትም። እንዲያውም አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን ይጠይቃል። የግዢ አዋጅ 649/2001 በበኩሉ የአገር ደህንነትና መከላከያ ሲጠይቅ የገንዘብ ሚኒስትሩ ከሚመለከታቸው ኃላፊዎች ጋር ተማክሮ የተለየ አሠራር እንዲወስን ይፈቅድ ነበር። ይህም በመመሪያ ተወስኖ፣ ቁጠባንና ቅልጥፍናን በሚያስጠብቅ መንገድ። ከተለመደው ሥርዓት ያወጣል እንጂ ያለ ሥርዓት ይሁን አይልም። አሁን በቦታው አዋጅ 1333/2016 አለ። ለጽሑፍሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢ፣ የተቀየረውን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንግባ።

ጨረታ አንድ ትልቅ ውለታ ይውልልሻል። የሻጩን ወጪ ሳታውቂ ዋጋውን ትደርሺበታለሽ። ሶማሌ ተራ ሄደሽ የመኪና መስታወት ስትጠይቂ ባለ ሱቁ በስንት እንዳስመጣው አይነግርሽም፣ አንቺም አትጠይቂውም። ሁለት እርምጃ አልፈሽ ሌላ ሱቅ እንደምትገቢ ያውቃል፣ ያ ይበቃል። የተዋጊ አውሮፕላን ብሎን ግን ሶማሌ ተራ የለውም። ሁለተኛው ሱቅ ከሌለ የቀረሽ መንገድ አንድ ነው። ዕቃው ለመሥራት ስንት ያስወጣል ብለሽ ከታች ወደ ላይ ማስላት። ጥሬ ዕቃው፣ የሠራተኛው ሰዓት፣ የፋብሪካው የጋራ ወጪ፣ የምርምሩ ድርሻ፣ ከዚያ ትርፉ። ያን ደግሞ ሻጩ ደብተሩን ካልከፈተልሽ አታውቂውም።

ደብተር ሳይከፈት ሲቀር ምን እንደሚመጣ ለማየት የምወደው ታሪክ የእንግሊዞቹ የፌራንቲ ታሪክ ነው። የጉቦ ታሪክ ስላልሆነ ነው የምወደው። ፌራንቲ «ብለድሃውንድ» ለሚባለው የአየር መከላከያ ሚሳይል የመምሪያ መሣሪያውን ይሠራ ነበር። ተወዳዳሪ አልነበረውም፣ ዋጋው የተቆረጠው በድርድር ነው። የሚኒስቴሩ የቴክኒክ ሰዎች ሥራው ስንት የሠራተኛ ጉልበት እንደሚፈጅ ገመቱ። የሒሳብ ሰዎቹ ደግሞ የፋብሪካው የጋራ ወጪ የሠራተኛው ደመወዝ ስንት በመቶ እንደሚሆን አወጡ። የመጀመሪያው ግምት በጣም የተጋነነ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በመጀመሪያው ላይ የሚባዛ ነው። ስለዚህ ስህተቱ አብሮ ተባዛ። ሁለቱ ቡድኖች ወረቀታቸውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያስተያዩ ኖሮ ነገሩ ቶሎ ይታይ ነበር። አላስተያዩም። በ1964 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ትርፉ ከልክ ያለፈ መሆኑን አወጣው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኩባንያውም 4.25 ሚሊዮን ፓውንድ መለሰ።

ይህን ያየ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛ፣ ግምቱን የሠሩት የመንግሥት ሰዎች ናቸው፣ ክፋት አላሰቡም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የተመለሰው ከሥራው በኋላ ትክክለኛውን ወጪ ያየ ሰው ስለነበረ ነው። እንግሊዞቹ በ1968 ከኢንዱስትሪው ጋር ተስማምተው የትርፍ ቀመርና ገምጋሚ ቦርድ አቋቋሙ። በ2014 ደግሞ ነገሩን ከስምምነት ወደ ሕግ አሸጋገሩት። ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነና ከአንድ አቅራቢ የሚገዛ የመከላከያ ውል ሁሉ ወጪው እንዲገለጽና እንዲመረመር ሕግ ወጣ። የመነሻ ትርፍ መጠኑም በየዓመቱ ይታወጃል። ሰሞኑን ባሉት ዓመታት 8 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን የሚከታተል ከሚኒስቴሩ የተለየ ተቋም አለ። ሻጩ ኪሳራ ላይ አይወድቅም፣ ገዢውም አይታለልም። እስካሁን ካየኋቸው አሠራሮች የበለጠ የሚያሳምነኝ ይህ ነው። ግን ሒሳብ የሚችልና በቂ ደመወዝ የሚከፈለው የሰው ኃይል ይፈልጋል፣ ይህን መርሳት የለብሽም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይወድቁበታል። «ወጪህን እከፍላለሁ፣ በላዩ 10 በመቶ ትርፍ እጨምርልሃለሁ» የሚለው ውል ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ሻጩ 100 ሲያወጣ 10 ያገኛል፣ 200 ሲያወጣ 20 ያገኛል። ታዲያ ለምን ይቆጥባል? አሜሪካ ይህን ዓይነት ውል በሕግ የከለከለችው ለዚህ ነው። ትርፉ በገንዘብ መጠን አስቀድሞ ይቆረጥ፣ ወይም የታሰበው ወጪ ከቀነሰ ገዢና ሻጭ ጥቅሙን ይካፈሉ። አንድ ውል አግኝተሽ «ሲደመር በመቶ» የሚል ካየሽ በቀይ እስክሪብቶ አስምሪበት።

አሜሪካኖቹ ከ1962 ጀምሮ ሌላ ጠንካራ ሕግ አላቸው። ያለ ውድድር ከተወሰነ ገንዘብ በላይ የሚሸጥ ኩባንያ የወጪ መረጃውን ያቀርባል፣ ትክክል ነው ብሎም ይፈርማል። ጉድለት ከተገኘ ልዩነቱን ይመልሳል። ያም ሆኖ ቀዳዳ አለው። ገደቡ በ2018 ከ750 ሺህ ዶላር ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል። ከገደቡ በታች የሆነ ትእዛዝ ደብተር አያስከፍትም።

ትራንስዲም የሚባለው ኩባንያ በዚያ ቀዳዳ ነው የሚታወቀው። ሥራው ሌላ ማንም የማይሠራቸውን ትንንሽ የአውሮፕላን ዕቃዎች የሚያመርቱ ድርጅቶችን መግዛት ነው። በ2019 የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር 47 ዕቃዎችን መረመረ። በ46ቱ ላይ ከመጠን ያለፈ ትርፍ አገኘ፣ ድምሩ 16.1 ሚሊዮን ዶላር። ኮንግረሱ ጠርቶ ካፋጠጠው በኋላ ኩባንያው ገንዘቡን መለሰ። በ2021 በሌሎች ዕቃዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ደግሞ 20.8 ሚሊዮን ተገኘ። እኔን የገረመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። የግዢ ሠራተኞቹ በአብዛኛው ደንቡን ተከትለዋል። ዋጋው ተገቢ ነው ያሉት በአብዛኛው ካለፈው ግዢ ዋጋ ጋር አስተያይተው ነው። ያለፈው ግዢ ዋጋስ? እሱም ያለ ውድድር የተሰጠ ነበር። «ባለፈው በስንት ገዛን?» የሚል ጥያቄ ቢሮሽ ውስጥ በየቀኑ እንደሚነሣ አልጠራጠርም። ያለፈው ዋጋ ራሱ ካልተመረመረ ማስረጃ አይሆንም።

የሚያስቀውን ልጨምርልሽ። በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ያው ዋና ኢንስፔክተር ሲ-17 በሚባለው የቦይንግ ማመላለሻ አውሮፕላን ላይ አንድ ሪፖርት አወጣ። መጸዳጃ ክፍሉ ውስጥ ለተገጠመው የፈሳሽ ሳሙና ማውጫ አየር ኃይሉ ገበያ ላይ ካለው ተመሳሳይ ዕቃ ከ80 እጥፍ በላይ ከፍሏል። በሳሙና ማውጫው ብቻ 149,072 ዶላር ተበልጧል። ሚሳይል አይደለም፣ ምሥጢርም የለውም። በአንድ ትልቅ የጥገና ውል ውስጥ ተጠቅልሎ ስለገባ የሚያየው ጠፋ።

ከዚህ የምትወስጂው፣ ዓይንሽን ዋናው ግዢ ላይ ብቻ አታድርጊ። ታንኩ ወይም አውሮፕላኑ የሚገዛ ቀን ሚኒስትር ይፈርማል፣ ጋዜጠኛ ይጽፋል። በሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት የሚገዛው መለዋወጫ፣ ጥገና፣ ሥልጠና ግን ጸጥ ብሎ ያልፋል። ሻጩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ተወዳዳሪ በነበረበት ቀን፣ ማለትም ዋናው ውል ሳይፈረም፣ የመለዋወጫው ዋጋና የቴክኒክ ንድፉ ባለቤትነት ድርድሩ ውስጥ መግባት አለበት። ከፊርማው በኋላ የሚጠይቅ ገዢ የሚደራደርበት ምንም ነገር የለውም።

ምሥጢርን በተመለከተ ባልደረባሽ አንድ ነገር አቀላቅሏል። ከሕዝብ መደበቅና ከኦዲተር መደበቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስንት ሚሳይል እንዳለን፣ የት እንደተተከለ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚወረወር ሬዲዮ ላይ ይነገር የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ሕንድ 36 ራፋል ተዋጊ አውሮፕላኖችን ከፈረንሳይ በመንግሥታት ስምምነት ስትገዛ አዲስ ጨረታ አልነበረም። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ዋጋውን ቁጭ ብሎ መረመረ። በ2019 ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት የዋጋ ቁጥሮቹን ሸፈናቸው፣ ውጤቱን ግን ተናገረ። ቀደም ብሎ ከቀረበው ዋጋ 2.86 በመቶ ይረክሳል አለ። የባንክ ዋስትና አለመያዙንም ጻፈ። ተቃዋሚዎቹ አልረኩም፣ አይፈረድባቸውም። ቢሆንም አንድ ገለልተኛ ሰው እውነተኛውን ቁጥር አይቷል።

ዩክሬን ጦርነት ላይ ሆና ያደረገችውን ደግሞ እዪ። በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ለወታደር ምግብ በተገባ ውል አንድ እንቁላል 17 ሂሪቭኒያ መባሉ በጋዜጠኞች ወጣ። ኪየቭ ሱቅ ውስጥ 7 ገደማ ነበር። ምክትል ሚኒስትር ሥልጣን ለቀቀ። ፓርላማውም በሳምንታት ውስጥ መሣሪያ ያልሆኑ ግዢዎች የነጠላ ዋጋ እንዲገለጽ ሕግ አወጣ። ጠላት የእንቁላል ዋጋ ቢያውቅ ምን ያደርገዋል?

ጎረቤታችን ኬንያ ሌላኛውን ጫፍ ታሳያለች። አንግሎ ሊዚንግ በሚለው ስም የሚታወቁት 18 ውሎች «የደህንነት» ናቸው ተብለው ያለ ውድድር ተፈረሙ። ከመካከላቸው የፓስፖርት ሥርዓትና የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ይገኙበታል። ቅሌቱ በ2004 ወጣ። የውሎቹ የዕዳ ሰነዶች ግን ውጭ አገር ፍርድ ቤት ደረሱ፣ ኬንያም ተረታች። በ2014 ከዓለም ገበያ በቦንድ ልትበደር ስትል መጀመሪያ 1.4 ቢሊዮን ሽልንግ ከፍላ መገላገል ነበረባት። መጥፎ ውል ቢጋለጥም ያስከፍላል።

የኛን ሳልነካ ባልፍ ትታዘቢኛለሽ። ሜቴክ (የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን) በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም በመከላከያ ሥር ሆኖ ነው። ኅዳር 2011 ላይ የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ በሰጡት መግለጫ ድርጅቱ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አሉ። የክሱን ዝርዝር ለፍርድ ቤት እተዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ድርጅቱ የያዛቸው ሥራዎች ዝርዝር ነው። ስኳር ፋብሪካ፣ የያዩ ማዳበሪያ፣ የሕዳሴ ግድብ የብረታ ብረት ሥራ። እነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ወታደራዊ ምሥጢር? ለመሣሪያ የተፈቀደ ልዩ መንገድ በድርጅቱ ባለቤትነት ምክንያት ወደ ስኳርና ማዳበሪያ ተዘረጋ። ጥናት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለዚህ ማን ገዛው ሳይሆን ምን ተገዛ ብለሽ ጠይቂ።

ተቆጣጣሪ ምን ይጠይቅ ላልሽው፣ እኔ ፋይል ስከፍት መጀመሪያ የማየው ቀኖቹን ነው። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የጄኔሬተር ግዢ ፋይል አጋጥሞኛል። «እጅግ አስቸኳይ» የሚለው ደብዳቤ ከውሉ ፊርማ በኋላ ነው የተጻፈው፣ የመዝገብ ቁጥሩም ከውሉ ይበልጣል። ዕቃው ደግሞ ወራት ቆይቶ ነው የደረሰው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፋይል የዋጋ ትንተና አያስፈልግም። ምክንያቱ ከውሳኔው በኋላ ከመጣ ምክንያት አይደለም። ቀጥዬ ስፔሲፊኬሽኑን ማን ጻፈው እላለሁ። የሻጩ ብሮሹር ቃል በቃል ተገልብጦ ካገኘሁት «አንድ አቅራቢ ብቻ ነው ያለው» የተባለው በኛው እጅ የተሠራ ነው ማለት ነው። ከዚያ ድርድሩ ላይ የነበረ ሰው ቃለ ጉባኤ ያሳየኝ። ሻጩ ያቀረበው የመጀመሪያ ዋጋና የተፈረመው ዋጋ አንድ ከሆኑ ድርድር አልነበረም።

ርክክቡን ደግሞ አትርሺ። የዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ተቆርጧል ማለት ዕቃው በውሉ መሠረት ሠርቷል ማለት አይደለም። ሞክሮ የተቀበለው መሐንዲስ ማን ነው? ቅድመ ክፍያው ምን ዋስትና ተይዞበት ተለቀቀ? ውሉ ውስጥስ ገዢው የሻጩን የወጪ መዝገብ እንዲያይ የሚፈቅድ አንቀጽ አለ? ይህ የመጨረሻው ከሌለ ሌላው ሁሉ ቢኖርም ዋጋውን የምታረጋግጪበት መንገድ የለሽም።

ለጽሑፍሽ አንድ ምክር። ከመሣሪያ አትጀምሪ፣ በር ይዘጋብሻል፣ አማካሪሽም ይፈራል። ከጫማ፣ ከብርድ ልብስ፣ ከደረቅ ምግብ፣ ከነዳጅ ጀምሪ። እነዚህ የገበያ ዋጋ አላቸው፣ መርካቶ ወርደሽ ልታመሳክሪው ትችያለሽ። ዋና ኦዲተሩ በየዓመቱ አራት ኪሎ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበውን ሪፖርት ያለፉትን ዓመታት ሰብስቢና ያለ ጨረታ ስለተፈጸሙ ግዢዎች የተባለውን ለይተሽ አውጪ። አማካሪሽ ምዕራፍ ሁለትን በውጭ አገር ንድፈ ሐሳብ እንድትሞዪው ከጠየቀሽ የፌራንቲን ታሪክ ስጪው፣ ያ ይበቃዋል።